የካባው ጭራቅ

ኦቦ ጂሬኛ ቡራዩ ውስጥ እኛ በተከራየንበት ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጡ ኖረዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ጠያቂም የላቸውም። ብቻ የግቢው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያወርዱ ደጃቸው ላይ ይኮለኮሉ ነበር። የእኔዋ ትንሳኤ ደግሞ ጉልበታቸው ላይ ካልተቀመጠች አይሆንላትም። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ነበር፤ ከመርካቶ ታክሲ ተሰልፌ እስክመጣ ልጄን የሚያይልኝ ሰው አገኘሁ።

የሚያወሩላቸው ስለ ካባው ጭራቅ ነው። ከሰፈራችን በታች ድንጋዩ ወጥቶ ያለቀ ካባ አለ፤ ክረምት የሞላበት ውሃ በጋውንም አይደርቅም። በሳቸው ተረት እዚያ የሚኖር ጭራቅ ልጅን በእናቱ ድምፅ ይጠራል፤ «አቤት» ብሎ የተጠጋ አይመለስም። ልጅ ያስበረግጋሉ ብዬ አንድ ቀን ብቆጣ ምክንያቱን ነገሩኝ። የሥራ ጓደኛቸው ልጅ፣ ሊቤ የምትባል፣ እዚያ ሰጥማ፣ ጠልቀው ያወጧት እሳቸው ናቸው። ውሃው ጥልቅ ነው፣ አትሂዱ እያሉ ስንት ጊዜ መክረው የሰማቸው ልጅ አልነበረም። ስለዚህ አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ወንዝ ይነግሯቸው የነበረውን ጭራቅ አምጥተው ካባው ውስጥ ከተቱት። ምክሩን ያልሰማ ሁሉ ጭራቁን ፈራ። ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ አልሰጠመም።

እዚያው ግቢ የሚኖረው ኤርምያስ ቪዲዮ ያቀናብራል። ተረቱን ከሳቸው አፍ በስልኩ ቀርጾ ካርቱን ሠራበት። የሚያስፈራ ነገር ዛሬ ማን ለልጁ ያሳያል ብሎ ግን ጭራቁን ሰማያዊ፣ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ጓደኛ አጥቶ የሚያለቅስ አደረገው። መጨረሻ ላይ ልጆች ዳቦ ይዘውለት ይሄዳሉ፤ እሱም ጀርባው ላይ አድርጎ ውሃው ላይ ያንሸራሽራቸዋል። ግቢው በሙሉ አየው፤ እኔማ አለቀስኩ። ኦቦ ጂሬኛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ነበር። መጨረሻውን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፍቶ ስልኩን መለሱ። ተረታቸው ተነካና ከፋቸው ብለን ሳቅንባቸው። ደንቆሮዎች ነን።

በሳምንቱ ቅዳሜ ትንሳኤ ክንዷ ላይ ሰንበር ይዛ እያለቀሰች መጣች። ኦቦ ጂሬኛ በዱላ መትተዋት፣ ሌሎቹንም እየተሳደቡ አባረዋቸዋል። ደሜ ፈልቶ በራቸውን በርግጄ ገባሁ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሱሪያቸው እስከ ጭናቸው ርሷል።

«ዳቦ ይዘው ውሃው ውስጥ ገብተው ነበር» አሉኝ። «ያንቺዋ ፊት ነበረች፣ ወገቧ ጋ ደርሶባታል። ተመለሺ ስላት፣ ጭራቁ እኮ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ስለሆነ ነው የሚጠራን አለችኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አሁኑኑ ለልጆቹ እውነቱን ነግሬ እንደ ድሮው ደጃቸው እመልሳቸዋለሁ አልኩ።

«ተይ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያን ጭራቅ ከእንግዲህ ማንም አይፈራውም። እኔን ይፍሩኝ።»

ኤርምያስ ቪዲዮውን አጠፋው፤ ልጆቹ ግን አንዴ አይተውታል። አሁን ኦቦ ጂሬኛ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ እሁድ ዱላቸውን ይዘው ካባው አፋፍ ላይ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይበተናሉ። ደጃቸው ጭር ብሏል። ለሻይ ይግቡ ስላቸው ልጅቷ ታየኛለች ብለው እምቢ ይላሉ። አንጀቴን ይበሉኛል። ግን የመቷት ሊያድኗት ብለው እንደሆነ ለትንሳኤ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ውሃው ጋ ትሄዳለች ብዬ እፈራለሁ።

ባለፈው እሁድ ማታ ለትንሽ ወንድሟ ስታወራለት ሰማሁ። ካባው ጋ ዱላ የያዘ ሽማግሌ አለ፤ ሰው ይመስላል እንጂ ሰው አይደለም፤ የሚኖረው ውሃው ውስጥ ነው፤ የቀረበውን ልጅ ይዞ ይገባል አለችው። ቀና ስል ኦቦ ጂሬኛ ከካባው ተመልሰው መስኮታችን ስር ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ትንሹ ፈራ?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ፈርቷል፣ አባቴ።»

«ጥሩ» አሉ። ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ።