የተሸነፈ ይደውላል

አመሻሽ ላይ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ከልብስ ሰፊው ሱቅ በረንዳ ላይ ዳማ እንጫወታለን። እንጫወታለን ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጨዋታ እናወራለን። ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር ከከረምቡላ በላይ ጨዋታ የለም ባይ ነው። "ዳማ የተቀመጠ ሰው ጨዋታ ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ተቀምጬ ነድቻለሁ፣ አሁን ቆሜ ልጫወት" ይላል። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከስፌቱ ቀና ሳይል፣ ተራ ቆርኪ ወደኋላ መብላት የለበትም ብሎ ይሟገታል። ይህ ሙግት ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኔ ጠዋትም ከሰዓትም አስተምሬ ጉሮሮዬ ደርቆ ስደርስ እንደ አዲስ ይጀመራል።

"ማሎ በርሲሳ፣ እስቲ አንተ ፍረደን" ይለኛል ሾፌሩ። በኦሮምኛ እባክህ መምህር እያለ ማባበሉ ነው።

"እንደፈለጋችሁ ብሉ" እላለሁ። ሲደክመኝ ደግ ሰው አይደለሁም፤ የሚደክመኝ ደግሞ ሁልጊዜ ነው።

እኔ የማወራው የዳማ ወሬ ከእነሱ ይለይ ነበር፤ በስልክ ስለምጫወተው ዳማ ነው። ስክሪን እየነካኩ የሚጫወቱትን ማለቴ አይደለም። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ቤተሰቦቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚሁ ወለጋ የሰፈሩ፣ ኡኬ የምትባል ከተማ ያደገ። ነቀምቴ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። በኋላ ቢላ የምትባል ሩቅ ከተማ ለማስተማር ተመደበ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ኢንተርኔቱም እንደዚያው። ስለዚህ እሱ እዚያ አንድ ሰሌዳ፣ እኔ እዚህ አንድ ሰሌዳ ዘረጋንና ለቤቶቹ ቁጥር አወጣንላቸው። "ከሃያ ሁለት ወደ አሥራ ስምንት" ይለኛል፤ የእሱን ቆርኪ እኔ አንቀሳቅስለታለሁ። አንድ ጊዜ አንዷን ቆርኪ የተሳሳተ ቤት አስቀምጬ ሁለት ቀን ሙሉ ሁለት የተለያየ ጨዋታ ስንጫወት ከርመናል፤ ሁለታችንም እያሸነፍን ነበር። ይህን ሳወራ በረንዳው ላይ ያልሳቀ የለም።

ደንባችን አንድ ነበር፤ የተሸነፈ ይደውላል። ቀጣዩን ጨዋታ የሚጠይቀው ብድሩን መመለስ የሚፈልገው ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ብዙ ተሸነፍኩ፣ ብዙም ደወልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ያህል እኔ አሸንፋለሁ፣ እሱ ይደውላል። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ የተማሪ ፈተና እያረምኩ እጫወት ነበር።

"አካም ጅርታ፣ ወንድምዓለም? እንዴት ነህ እስቲ?" ይለኛል።

"ደክሞኛል፤ ቁጥርህን ንገረኝ" እለዋለሁ።

በረንዳው ላይ ግን አይደክመኝም፤ ጉራዬን እነዛ ነበር። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ "ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሸነፍ ሰው እንዴት አይሰለቸውም?" ብሎ ጠየቀኝ። "የወሎ ሰው ታጋሽ ነው" ብዬ በቀልድ አለፍኩት።

ዘንድሮ አንድ እሑድ ከሰዓት ደወለ። እንዴት ነህም አላለኝ። ቁጥሮቹን ቶሎ ቶሎ ይናገራል፤ እኔ ገና ሳስብ እሱ ጨርሷል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሰሌዳዬ ላይ አንድም ቆርኪ አልተረፈኝም። ሲያሸንፍ አልፎከረም። "በል እንግዲህ፣ መደወሉ ወዳንተ ዞሯል" ብሎ ዘጋው።

ነገ እደውላለሁ አልኩ። ፈተና መጣ፣ ከፈተናው በኋላ ውጤት መሙላት መጣ፣ ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልነበረም፤ እንዲሁ ዛሬ ነገ ስል ቀኑ ሄደ። ስልኬ አለመጮሁ እንኳ እረፍት ሆኖልኝ ነበር። ለበረንዳው ሰዎች "ደንብ ነው፣ እኔ ካልደወልኩ አይደውልም" ብዬ ነገርኳቸው። ሾፌሩ "ደንቡን ተወውና ለሰውየው ደውልለት" አለኝ። እሺ አልኩት፤ አልደወልኩም።

ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ደወልኩ።

"ቆርኪህን ደርድር፣ ብድሬን ልመልስ!"

"ሰሌዳው ተነስቷል" አለኝ። "ቤቱ ሰው በዝቶበት ነበር። አባዬ ዐረፈ። አርባው ባለፈው ሳምንት ነበር።"

ያን እሑድ የደወለልኝ፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሕክምና አይረዳቸውም ብለውት አባቱን ቢላ ወዳለው ቤቱ ይዞ በተመለሰበት ቀን ነው። ተማሪ ሳለን እኚያ ሰው ከኡኬ በቆሎ በጆንያ አስጭነው ይልኩልን ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቻለሁ። ለቅሷቸው ላይ አልነበርኩም። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ደውሎ ኑልኝ አይልም፤ ይመጡለታል። ነቀምቴ ውስጥ ደግሞ እሱን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም፤ መርዶውን ማን ይነግረኛል? ስልኩን ይዤ ቆሜ ነው የገባኝ፤ እንደዚያ እሑድ የሚጫወት ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በእኔ ችሎታ አልተሸነፈም። ለመደወል ሲል ይሸነፍልኝ ነበር። አንዴ እንኳ እኔ እንድደውልለት ሲፈልግ አሸነፈኝ። አፈርኩ፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

"ነገ እመጣለሁ" አልኩት። "ፈቃድ ጠይቄ፣ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ።"

"አብሽር፣ ወንድምዓለም" አለኝ፤ እሱ እኔን ሊያጽናና። ቁጣ እንኳ የለበትም። "ይደክምሃል፤ ምን ያመላልስሃል። ድንኳኑም ፈርሷል።"