ከደረቀ ሐይቅ የወጣ መጋረጃ

በመጋረጃ ማተሚያ ቤቱ «አበባዬ» ይሏታል። ጨርቁ ላይ የሚታተመውን ንድፍ የምትስለው እሷ ናት፤ ለዓመታት የሳለችው ደግሞ አበባ ብቻ ነው። ትልቅ አበባ፣ ትንሽ አበባ፣ ቅጠል ያለው፣ ቅጠል የሌለው።

አንድ ዓርብ አለቃዋ ጠርቶ ቁርጡን ነገራት።

«ደንበኛው አበባ ሰልችቶታል። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ነገር ካላመጣሽ የተዘጋጀ ንድፍ ከገበያ እገዛለሁ። አንቺ ወደ መቁረጫው ትዛወሪያለሽ።»

መቁረጫው ላይ መሥራት አያሳፍርም። እሷ ግን እርሳስ ይዛ ያደገች ናት፤ መቀስ ይዞ ጡረታ መውጣት አልዋጥላት አለ።

እሑድ ከሰዓት ባሏ ኳሱ እስኪጀምር ብሎ ከኢንተርኔት አንድ ዘጋቢ ፊልም ከፈተ። ስለሚደርቅ ሐይቅ ነው። ጭቃው ሲሰነጠቅ ካሜራው ከቅርብ ያሳያል፦ የመጀመሪያው ስንጥቅ እንዳሻው ይሄዳል፤ ተከታዩ እሱን እስኪነካ ይሮጥና እዚያው ቀጥ ይላል። አልፎት አይሄድም።

«አቁመው» አለች።

«ኳሱ ሊጀምር ነው እኮ።»

«አቁመው አልኩህ።»

ስስ ወረቀት ቴሌቪዥኑ ላይ ለጥፋ በማርከር ገለበጠችው። ወረቀቱ ሲነሳ ቀለሙ አልፎ መስታወቱ ላይ ቀርቷል። ባሏ ጨዋታውን በስንጥቅ መሃል አየው።

«ካርታውን የሳልሽው አንቺ ነሽ፤ ኳሷ የት እንደገባች ንገሪኛ» ይላታል በየመሃሉ።

ሰኞ አለቃዋ ሥዕሉን አገላብጦ አየና መለሰላት። «ሰው ቤቱ ሲሰነጠቅ ከፍሎ ያስጠግናል። እኔ ስንጥቅ ልሽጥለት?»

ተናዳ ወጣች። በምሳ ሰዓት ግን ፊልሙን በስልኳ ደገመችው፤ ያኔ ነው ስህተቷ የገባት። የቀዳችው የስንጥቁን መልክ ነው፤ መቅዳት የነበረባት አካሄዱን ነው። እርሳሷን አነሳች። አንድ ሐረግ እንዳሻው ለቀቀችው፤ ሁለተኛው እሱን እስኪነካ ሄዶ ቆመ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። በየክፍተቱ ቅጠል ሞላችበት።

ንድፍ ጨርቅ ላይ እየተደጋገመ ሲታተም መጋጠሚያው ያስታውቃል፤ የእሷ አበቦች ሁልጊዜ እዚያ ጋ አንገታቸው የተቆረጠ ይመስሉ ነበር። አሁን መጋጠሚያውን በአንዱ ሐረግ መስመር ላይ አስኬደችው። አታሚው የሙከራውን ጨርቅ ሰቅሎ በጣቱ ሲፈልግ ቆየ።

«የት ደበቅሽው?»

አለቃው ራሱ ተጠግቶ ፈለገ፤ አጣው። «ይታተም» አለ።

ይኸው ዓመታት አለፉ፤ አበባዬ ከንድፍ ጠረጴዛዋ አልተነሳችም። ሐሳብ ሲነጥፍባት ያንኑ ፊልም ትከፍታለች። አንዴ የደረቀው ጭቃ ጠርዙ ሲጠቀለል አየችና የአልጋ ልብስ ጠርዝ አደረገችው። ሌላ ጊዜ ከሐይቁ የቀረችው ኩሬ ቀለም ለገበታ ጨርቅ ሆነላት።

«ይሄ ሐይቅ አሁንም አልደረቀልሽም?» ይላታል ባሏ።

«ገና ነው» ትለዋለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።