ሸንተረሩ ላይ የተተወው ብርጌድ

ከሆስፒታል ወጥቼ አገሬ በገባሁ ሰሞን፣ ወረታ ገበያ ውስጥ እግሬን እየጎተትኩ ሳልፍ አንድ እህል ነጋዴ ለጓደኛው «ይኸ እኮ ከዚያ ከፈረጠጠው ብርጌድ ነው» ሲል ሰማሁት። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ልጣላው ፈለግሁ፤ ግን ነገሩን ከየት ጀምሬ ልንገረው? ትቼው ሄድኩ። እንዳንገበገበኝ አለ።

እኔ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነኝ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የአንድ እግረኛ ብርጌድ መገናኛ ነበርኩ፤ ሬዲዮ በጀርባዬ አዝዬ ከአዛዣችን ከኮሎኔሉ ኋላ ኋላ የምሄድ። ከላይ የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው በእኔ ጆሮ ነው። ብርጌዱ ከየአገሩ የተውጣጣ ነበር፤ ከወለጋ አለ፣ ከሲዳማ አለ፣ ከሐረር አለ። ከእኔ ቀበሌ ግን አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ የቄሳችን የበኩር ልጅ። ድቁና ተቀብሎ ሲቀድስ ኖሮ፣ ለአባቱ ሳይነግር ነው ወታደር ቤት የገባው። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ሁላችንም «ዲያቆኑ» እንለዋለን። ሥራው ቁስለኛ በቃሬዛ ማንሳት ነበር።

ከተከዜ ወዲህ ያለ አንድ ራሰ በራ ሸንተረር ያዙ ተባልን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። በዚያ ወቅት የእኛ ሜዳ እንደ ጣና ተዘርግቶ ይተኛል፤ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድገው። እዚያ ግን የሚጠጣ ውሃ ከገደሉ ሥር በአህያ ይወጣል፤ አህዮቹ በሞርታር ሲያልቁ ደግሞ በጄሪካን እኛው ተሸከምነው። ዲያቆኑ ጄሪካኑን አውርዶ ከንፈሩን እየላሰ «አባቴ ‹ይኸን ሁሉ ውሃ ያመጣብን በየትኛው ኃጢአታችን ነው?› እያሉ ያማርሩ ነበር። አሁን መጥተው ባዩኝ!» ይለኝና ይስቃል።

በመጨረሻው ቀን ተኩሱ ከማለዳ ጀምሮ ከፊት ለፊት ነበር። ረፋዱ ላይ ከቀኝ መጣ። በቀኛችን ሌላ ብርጌድ ነበረ። ኮሎኔሉ በመነጽር ሲያይ ቆየና «ምሽጉ ባዶ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ክፍለ ጦሩን ጥራልኝ» አለኝ። ጠራሁና መነጋገሪያውን ሰጠሁት።

«ቀኛችን ተከፍቷል። እንያዝ ወይስ እንልቀቅ?»

«ያዙ! ረዳት ጦር እየመጣላችሁ ነው» አለ ከወዲያ ያለው ሰው።

ያዝን። ቀትር ላይ ከኋላችን ያለው መንገድ በድሽቃ ይመታ ጀመር። እንደገና ጥራ አለኝ። ጠራሁ፤ የሚመልስ የለም። ባትሪ ቀየርኩ፤ አንቴናውን ካብ ላይ አቆምኩት። ሹሹታ ብቻ። ኋላ ከአንድ የክፍለ ጦሩ ሾፌር እንደሰማሁት፣ «ያዙ» ያሉን አዛዦች በዚያው ሰዓት ዕቃቸውን መኪና ላይ ይጭኑ ነበር። የጎረቤታችንን ብርጌድ ልቀቁ ብለዋል። ለእኛ ያልነገሩን ረስተው አይደለም፤ እኛ ከቆየን እነሱ መሄጃ ጊዜ ያገኛሉ። ሾፌሩ ይኸን ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ኮሎኔሉ መነጋገሪያውን መለሰልኝና «ከእንግዲህ የሚሞተው ልጅ ለማን እንደሚሞት አላውቅም» አለ። ቁስለኛው ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ በሸለቆው እንዲወርድ አዘዘ። ዲያቆኑ ቁስለኛ አውርዶ ይመለሳል፣ ደግሞ አውርዶ ይመለሳል። ሌላ ሰው ለማንሳት ሲጎነበስ የሞርታር ፍንጣሪ ከአንገቱ ሥር መታው። እኔና አንድ ጓደኛዬ ጎትተን አንዲት ወይራ ሥር አስተኛነው። ውሃ ጠየቀ። ውሃ አልነበረንም። ነፍሱ እንደወጣች ድንጋይ እያነሳን አለበስነው። ያ መሬት አለት ነው፤ አፈር የለውም። እኔም ሸለቆው ውስጥ ጉልበቴን ተመታሁ፤ ተሸክመው አወጡኝ።

ታች ሜዳው ላይ ስንሰበሰብ ሲሶአችን አንሆንም ነበር። ልብሱ ያልቆሸሸ ከፍተኛ መኮንን መጣና ብርጌዱ መፍረሱን፣ የተረፍነው ወደ ሌሎች ክፍሎች እንደምንደለደል ነገረን። ከዚያ የኮሎኔሉን ሽጉጥ ተቀበለው።

«ያለ ትእዛዝ ቦታ ለቀሃል!»

«ትእዛዝ ሰጪው የት ነበር?» አለ ኮሎኔሉ።

ቃሬዛ ላይ እንደተኛሁ ጮህኩ፣ «ጌታዬ፣ የጠራሁት እኔ ነኝ! የሚመልስልን አልነበረም!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለኝ መኮንኑ። ኮሎኔሉን መኪና ላይ አውጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደደረሰበት የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

አገሬ ስገባ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቄሳችን ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ፊቴን እንዳዩ አወቁት።

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ፣ አባ።»

«አፈር አለበሳችሁት?»

«ድንጋይ ነው ያለበስነው። አፈር አልነበረም።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ባለቤታቸው ግን እሺ አላሉም፤ ከመንግሥት ወሬ ሳይመጣ ልጄ ሞተ አትበሉኝ፣ ተዝካርም አታውጡ አሉ። ስለዚህ ከአባ ጋር ወረታ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበለን ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠን። ወጣ ገባ ብሎ፣ ስልክ ደውሎ ተመለሰና እያፈረ «አባቴ፣ ብርጌዱ ስለፈረሰ ሞቱን የሚያረጋግጥልን ክፍል የለም» አላቸው።

«እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ አባ። «እንግዲያ ልጄ ያልነበረ ጦር ውስጥ ገብቶ ነው የሞተው በሉኛ!»

ሰላም ወረደ ተብሎ መንገዱ ሲከፈት፣ ሩዙ ታጭዶ እንዳበቃ፣ አባ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ተነስ፣ አሳየኝ» አሉኝ።

«አባ፣ እግሬ እኮ…»

«እኔም ሽማግሌ ነኝ። ከሁለታችን አንድ ደህና ሰው አይወጣም?»

በደብረ ታቦር መንገድ ወጣን። ከአውቶቡስ ወደ ጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር። አባ መስቀላቸውንና የግንዘት መጽሐፋቸውን ይዘዋል፤ አፅሙን የሚጠቀልሉበት ነጭ ከፈንም ባለቤታቸው አስይዘዋቸዋል። ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ወይራዋ የለችም፤ ለማገዶ ተቆርጣለች። የካብነው ድንጋይም የለም። ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ገበሬ ከሸንተረሩ ሥር ካለው ማሳው በሬዎቹን አቁሞ መጣ። አማርኛውን ከትግርኛ ጋር ቀላቅሎ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀን። አባ መስቀል ዘረጉለት። አልተሳለመም።

«ልጄን ነው የምፈልገው» አሉት።

ገበሬው አባን አየ፣ እኔን አየ፣ እግሬንም አየ። «ጅብ አላስቀምጥ ቢለን የእናንተንም የእኛንም ለቅመን አንድ ጉድጓድ አገባን። የእኔም ልጅ እዚያው ነው። ማን ማን እንደሆነ አይለይም።»

ማሳው ዳር፣ ዙሪያውን በእሾህ ወደታጠረ ረጅም የአፈር ክምር ወሰደን። አባ ከፈኑን በክንዳቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ላወጣው አልችልም ማለት ነው?»

«የትኛውን ያወጣሉ?» አለ ገበሬው።

አባ መጽሐፋቸውን ገለጡ። «የልጅህን የክርስትና ስም ንገረኝና አብሬ ልጥራው።»

«አይጥሩት! የእርስዎ ልጅ ይሆናል የገደለው።»

«ይሆናል። የእኔን የገደለውም ያንተ ይሆናል። አሁን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ምን ላድርግልህ?»

ገበሬው ጀርባውን ሰጥቶን ወደ በሬዎቹ ሄደ። ፍትሐቱ እንደተጀመረ ግን ሚስቱ ከጎጆዋ ወጥታ በቀስታ ወደ እኔ ተጠጋች። ባሏን ዞር ብላ አየችና የልጇን የክርስትና ስም በጆሮዬ ነገረችኝ። ለአባ ነገርኳቸው። ሁለቱንም ስም እየጠሩ አሳረጉ። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ አላወጣችም። አባ ከፈኑን ክምሩ ላይ አነጠፉና ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫኑበት። ስንሄድ ገበሬው ከማሳው መሐል ሆኖ «ሁለተኛ እንዳትመጡ!» አለን። ክፋት ነው አልልም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የምለውን ነው ያለው።

ከተመለስን በኋላ እናትየው ሙሾ አወረዱ፤ ተዝካሩም ወጣ። አልቅሰን የጨረስን መስሎን ነበር። ሌላ ክረምት ሲገባ ግን ጦርነቱ ወደ እኛው ደጅ መጣ። አሁን መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል፤ ባጃጆቹ ተኩስ ሲሰሙ ሰው አውርደው ይሸሻሉ። የቀበሌያችን ወጣት ግማሹ ጦሩን ሊወጋ ጫካ ገብቷል። የዲያቆኑ ታናሽ ወንድምም አንድ ቀን ከሩዝ አረም ሳይመለስ ቀረ።

ያኔ እኔ የለበስኩትን ልብስ የለበሱት ወታደሮች ወረታ ሰፍረዋል። ኬላው ላይ እጄን አንስቼ ስፈተሽ አንዱ በስሜ ጠራኝ። ከብርጌዳችን የተረፈ የወለጋ ልጅ ነው። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ አቀፈኝ። ጉልበቴን ጠየቀኝ፤ ስለ ኮሎኔሉ ጠየቀኝ። ከዚያ «ዲያቆኑ እኔንም አንድ ጊዜ ተሸክሞኛል። የአባቱ ቤት እዚህ ቅርብ አይደል? ሰላም በልልኝ። ወንድም ነበረው አይደል፣ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ሰላምታውን ለአባ አደረስኩ። ሰሙኝና «ልጁ እናት አለችው?» አሉ።

«አለችው፣ አባ።»

«እንግዲህ ማንን ከማን አድንልኝ ብዬ ልጸልይ?»

በሳምንቱ ያ የሰፈረው ጦር በአንበሳሜ በኩል ወጣ። ተኩሱ እስከ እኛ ማሳ ድረስ ይሰማ ነበር። ኬላው ላይ አሁን ያሉት የማላውቃቸው ወታደሮች ናቸው። የወለጋውን ልጅ ጠይቄያቸው የሚያውቀው የለም። ከዲያቆኑ ወንድምም እስከ ዛሬ ወሬ አልመጣም።