ሌባ እንዲያዝ ይስማማሉ?

ባለፈው ሳምንት ሮማናት አደባባይ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ መልእክት አመጣ። «ለደህንነትዎ ሲባል የስልክዎ መረጃ ቢመረመር ይስማማሉ? አዎ ወይም አይ ብለው ይላኩ» ይላል። አጠገቤ ለቆመችው ልጅም ደርሷት ኖሮ፣ አንብባው ይሁን ሳታነበው እንጃ፣ «አዎ» ብላ ላከችና ተሳፈረች። እኔ እንደ ደነዘዝኩ ታክሲው ጥሎኝ ሄደ። ደህንነት አልፈልግም የሚል ሰው የት አለ? እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ፀጉሬ ጥቁር ሳለ፣ ሥራ ፈት ሆኜ ሓድነት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ ጎረቤቴ ዘይነባ ነበረች። ከወሎ መጥታ በሰፈሩ ገበያ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። የምስር ሳምቡሳዋ ቃሪያ ይበዛበታል፤ በክረምት ያን ሁሉ ጭቃ ረግጦ የማይመጣላት አልነበረም። እኔን እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው የምታየኝ። ታማ በባጃጅ ዓይደር ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ስለሆንኩ ምስጢሯን አውቃለሁ፤ ቫይረሱ በደሟ አለ። መድኃኒቷን አታጓድልም፤ ቀጠሮዋን የሚያስታውስ መልእክትም በስልኳ ይደርሳታል። ይህ ቢሰማ ግን ከእጇ ማን ይበላል? በምግብ እንደማይተላለፍ ያኔ ለተማረውም ማስረዳት መከራ ነበር።

በዚያ ክረምት ገበያው ውስጥ ሌብነት በዛ። የነጋዴዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኣያ ኪሮስ ሌቦቹ ከውስጥ ናቸው፣ በስልክ ነው የሚጠራሩት ብለው የሁሉም ስልክ ተከፍቶ ይታይ አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነጋዴው ሳይጠየቅ አይሆንም ብለው እኔን ቀጠሩኝ። ጥያቄውን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ «ሌባ እንዲያዝ ስልክዎ ቢታይ ይስማማሉ?» የሚጠየቀውም እዚያው ሱቁ ደጃፍ፣ ጎረቤት እየሰማ ነው።

ዘይነባ ጋ ስደርስ ደንበኞች ከበዋታል። «አዎ፣ ምን ከፋኝ» አለች ዘይቱን ዘይቱን እያየች። ማታ አብረን ወደ ቤት ተመለስን።

«እንዴት አዎ ትያለሽ?» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበል ወንድሜ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አይ ብል፣ ሌባዋ ተገኘች ሊሉኝ አይደል?»

በማግስቱ በቀሩት መደዳዎች ቃሉን ለወጥኩት። «የግል መልእክትዎን ኮሚቴው ቢያነበው ይስማማሉ?» እያልኩ ዞርኩ። አንድም የተስማማ አላገኘሁም፤ ጫማ ሰፊውማ ከነጥያቄህ ወግድ ብሎ አባረረኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ኣያ ኪሮስ ሮጥኩ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ከሰጠሁህ ውጭ የጠየቅኸው አይቆጠርም» አሉኝ።

«ኣያ፣ ሁለቱም እኮ አንድ ነገር ናቸው። አነጋገሩ ነው የተለየው።»

«አንድ ከሆኑ ለምን ለወጥከው?»

መልስ አጣሁ። እነዚያን መደዳዎች ሌላ ሰው ሄዶ በእሳቸው ቃል ጠየቀ። ያው ጫማ ሰፊ «አዎ» አለ። ገበያው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ተባለ።

የቀጠሮ መልእክቶቹን አጥፊያቸው ብዬ ዘይነባን ለመንኳት። «አጠፋለሁ፤ ስልኬ በእጃቸው ሳለ ሌላ ቢገባስ?» አለችኝ። እኔም ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስልክ የሚታይበት ቀን ሳይደርስ ዕቃዋን ሸክፋ ሄደች። ወዴት እንደሆነ ለእኔም አልነገረችኝም።

ወዲያው ገበያው ሁሉ ሌባዋ እሷ ነበረች አለ፤ ሳምቡሳዋን ሲበሉ የከረሙት ጭምር። አይደለችም ብዬ ጮህኩ። «ታዲያ ለምን ሸሸች?» አሉኝ። ለዚህስ መልስ ነበረኝ፤ ግን ስሟን ላድን ብል ምስጢሯን ማውጣቴ ነው። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። እንደዚያ ቀን አቅመ ቢስ ሆኜ አላውቅም።

በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ዛሬም በዚያ ገበያ ሳልፍ የቆዩት ነጋዴዎች ያቺ ሌባ እያሉ ሲያነሷት እሰማለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ንጹሕ ነበረች ብዬ ይኸው ጻፍኩ። ግን ምስጢሯ እንዳይወጣ ቀየርኩት እንጂ ስሟም ዘይነባ አይደለም፤ የምትሸጠውም ሳምቡሳ አልነበረም። የማን ስም እንደጸዳ የሚያውቅ የለም።