ጎማዋና የቆራጭ ጠረጴዛው

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰናይት ከስፌት ቤቷ ተናዳ መጣች። ሱቋ እዚሁ አምቦ፣ ከባጃጅ መቆሚያው ጀርባ ነው። ከቦርሳዋ መያዣ ያለው ክብ ምላጭ አውጥታ አልጋዬ ላይ ወረወረችው።

«ሮታሪ ከተር ተብሎ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ነው፣ አያቴ። ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሌላ ልገዛ ነው።»

«ብሎኑን ሳትፈቺ ምን ያስገዛሻል?» አልኳት። ፈታሁት፤ የክር ብናኝ ምላጩን አንቆ ይዞታል። «ይሄን ጠርጊ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጊበት። የግድ ከገዛሽም ክዳኑ የሚቆለፈውን፣ እጀታው መዳፍሽን የሚሞላውን ምረጪ። ለአንገትና ለብብት ትንሿ ክብ ትበቃለች፤ ለተደራረበ ጨርቅ ግን ትልቋ ናት።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «ይሄን ደግሞ የት ተማርሽው?»

«በቅናት» አልኳት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከተማችን በወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ስትባል፣ እኛ ግን አምቦ ስንላት። የቀበሌያችን ሴቶች በአንድ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ እንሰፋ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርሳችን አንሰማማም፤ በምልክት ነበር የምንግባባው። መሪያችን ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በመስኮቱ ሥር ካለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ የሚቆርጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኛ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስንረግጥ ጉልበታችን ይዝላል፤ ቆራጭ ግን ቆሞ ያስባል፣ ብርሃን ያገኛል፣ «እንዴት ይሁን?» ተብሎ ይጠየቃል። ያን ጠረጴዛ እንዴት እንደተመኘሁት! አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ላቋረጥኩት ሴት ከዚያ በላይ ወንበር አልነበረም።

የኦቦ ደበላ ዓይን እየደከመ መጣ። ወደ ገጠር እርሻቸው ሊመለሱ ሆነ። ለሕፃናት ማቆያ ከካኪና ከአቡጀዲ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ እንድንሰፋ ታዘን ስለነበር፣ «ቁርጡን አጥርታ የቆረጠች ጠረጴዛውን ትወስዳለች» አሉ። ሁሉም ዓይን በእኔና በዘነበች ላይ ሆነ። ዘነበች ከጉደር አግብታ የመጣች፣ ረዥም፣ ስትስቅ ጥርሷ የሚያምር፣ ማሳመሩንም የምታውቅ ሴት ነበረች።

በዚያው ሰሞን አንዲት ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ለአዳራሹ አንድ ዕቃ ትታ ሄደች። በእጀታ ላይ የምትሽከረከር ክብ ምላጭ ናት፤ እኛ «ጎማዋ» አልናት። ኦቦ ደበላ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና ለዘነበች ሰጧት። እንዲሁ፣ እንደ ከረሜላ!

«ኦቦ ደበላ፣ የአዳራሹ ነገር ሁሉ የጋራ ነው። የጋራ ነገር ደግሞ በዕጣ ነው!» ብዬ ተነሳሁ።

«ዕጣ ለቅርጫ ሥጋ ነው፣ ትርፌ። ለእጅ ዕጣ አይወጣም። የእሷ እጅ ቀላል ነው።»

የእኔ እጅ ከባድ ነው ማለታቸው ነው።

እኔ በመቀስ አንድ አንድ እያልኩ ስቆርጥ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ። እሷ አራት ጨርቅ ደራርባ፣ ማስመሪያ ተጭና፣ ጎማዋን አንዴ ወደፊት ገፋ ማድረግ ነው፤ አለቀ። ሴቶቹ ይከቧታል። ከቤት ጭኮ የመጣ እንደሆነ ቅቤ የጠገበው ጎን ወደ እሷ ይዞራል። እኔ በበኩሌ ዓይኔን ከእጇ አልነቅልም ነበር። ስንት ጨርቅ እንደደረበች፣ ክንዷን እንዴት እንዳዘነበለች፣ ጎማዋን ሳትከድን የት እንደጣለቻት አውቃለሁ። በእንቅልፌም ጨርቅ ትቆርጥብኝ ነበር።

«ትርፌ» አለችኝ አንድ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዓይንሽ ጎማዬን ሊያስተነፍሳት ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም «ጎማሽ? የማን ጎማ?» ብዬ ያንኑ የዕጣዬን ነገር እንደገና ጀመርኩ። በየቀኑ ነበር የምለው። ሴቶቹ በቃላቸው ይዘውታል።

ብርድ ልብሶቹ ሊደርሱ ሲሉ ጎማዋ አመል አወጣች። በየእርምጃው አንዲት ክር ሳትቆርጥ ትዘላለች። ዘነበች ስትስበው ካኪው ይተረተራል። ካኪውን ረገመች፣ ጠረጴዛውን ረገመች፣ የእኔንም ዓይን ረገመች። በመጨረሻ ጎማዋን ወርውራ «አለቀላት፤ በመቀስ እጨርሳለሁ» አለች።

አነሳኋት። የምትዘለው ክር ሁልጊዜ በእኩል ርቀት እንደሆነ ከቀናት በፊት አይቻለሁ፤ ስለዚህ ምላጩ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል ማለት ነው። የሸረፈውም ከካኪው ሥር የተረሳ ስፒል ነው፤ ስትሄድበት ቀጭ ሲል ሰምቼ ነበር። ከጎማዋ ጋር ደግሞ መሐላቸው የተበሳ ክብ ብረቶች በትንሽ ቆርቆሮ መጥተዋል። ኦቦ ደበላ ብሎን ሥር የሚገባ የስፌት መኪና ሮንዴላ መስሏቸው ከዘይቱ ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተዋቸው ነበር። ሮንዴላ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል እንዴ? አንዱን አውጥቼ ቀየርኩ፣ ብናኙን ጠረግኩ፣ ዘይት ጠብ አደረግኩ። ምላጩ እንጨት ላይ እንዳይደንዝ ኦቦ ደበላ ከሰዓት በኋላ ጋደም የሚሉበትን ቁርበት ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ።

«ኧረ መኝታዬን!» አሉ።

ስድስት ጨርቅ ደርቤ ገፋሁ። ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ሐር ሲቀደድ የሚመስል፣ ግን የለሰለሰ። አንድም ክር አልተረፈ። ኦቦ ደበላ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ዓይናቸውን አላመኑትምና።

«ጠረጴዛው የትርፌ ነው» አሉ።

ደስታዬን ሳላጣጥመው ዘነበች ከጥግ ተነሳች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን እንደ መርፌ ነው።

«የአዳራሹ ነገር ሁሉ የጋራ ነው፤ የጋራ ነገር ደግሞ በዕጣ ነው። ማን ነበረች እንዲህ ትል የነበረች?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ያልሰማት የለም።

«ተይ አንቺ! ዕጣ ማን ጠየቀ?» አሏት ኦቦ ደበላ።

«ልክ ናት» አልኩ። «ይውጣ።»

እንደ ቅርጫው ደንብ ዕጣውን የሚያነሳው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው። የጉደር ሽንኩርት ይዛ በበሩ የምታልፍ ሴት ጠራን። እኔ ነጭ ቁልፍ፣ ዘነበች የቀይ ጨርቅ ቅዳጅ በኦቦ ደበላ ባርኔጣ ውስጥ ጣልን። ሴትዮዋ ፊቷን አዙራ እጇን ሰደደች። ቁልፉን ነክታው እንደነበር ሲንሸራተት ሰምቻለሁ። ይዛ የወጣችው ግን ቅዳጁን ነው።

«ይቺ ለስልሳኝ ነው» ብላ ሳቀች፤ ሽንኩርቷን ተሸክማም ሄደች።

ዘነበች አዳራሹ ከዓመታት በኋላ እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ ጠረጴዛ አልተለየችም። ምላጭ መቀየር ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ የጋራ ዕቃ ሲበላሽ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ጉልበቴ ግን እዚያው ፔዳል ላይ ቀረ። ይኸው አሁን ደረጃ ስወጣ ይጮኻል።

ሰናይት ይህን ስትሰማ «አያቴ፣ ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮ ጠረጴዛው ያንቺ ነበር እኮ» አለችኝ። ነበር። ግን በዕጣ ይሁን ብሎ የጮኸ ሰው ዕጣው ሲደርሰው ብቻ ነው እንዴ ዕጣ የሚወደው? ዛሬም ቢሆን ይውጣ እላለሁ። ባለፈው እሁድ ዘነበችን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አየኋት፤ ወገቧ ቀጥ እንዳለ ነው፣ ጉልበቷም አይጮኽም። ተሳሳምን። ሆዴ እንደ ድሮው ቅጥል አለ፤ አላፈርኩበትም። ዕጣው ጠረጴዛውን ለእሷ ይሁን አለ እንጂ ትርፌ አትቅና አላለም።