ከጭብጨባው በፊት

ሥርጉት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከጊደር መጋላ ገበያ ወረድ ብሎ ነው፤ የቁርባን ቀሚስም፣ የሐረሪ ሙሽራ ልብስም ትሰፋለች። ደግ ናት፣ ምላሷ ግን ከመቀሷ አይተናነስም። እኔንም ቆርጦኛል።

እኛ የሐረር ካቶሊኮች ጥቂቶች ነን፤ ይሉኝታችን ግን ለብዙ ሰው ይበቃል። በየዓመቱ ከቅዳሴ በኋላ ቆሞሳችን አባ ሚልኪያስ የቁምስናውን፣ ማለት የአጥቢያችንን፣ ምክር ቤት አባላት ስም ያነብባሉ፣ እኛ እናጨበጭባለን። ያው ሰዎች፣ ያው ጭብጨባ። የሴት ስም ተነብቦ አያውቅም። ይህንንም ምርጫ እንለው ነበር!

ካቻምና ልናጨበጭብ ስንል ሥርጉት ተነሣች።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነዚህን ሰዎች ማን መረጣቸው?»

ምክር ቤቱን ለረጅም ዘመን የመሩት ጋሽ እንደሻው ዞር ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው።»

«እዚሁ ተጠምቄ፣ እዚሁ ተድሬ፣ ከቤቴ ወዴት ልሂድ ጋሽዬ? እርስዎም አይሂዱብኝ።»

ሰው ሳቀ፤ ጭብጨባው ግን አልቀረም። በማግስቱ ሱቋ ውስጥ ስታለቅስ ያገኘቻት ጎረቤቷ መብሩካ ናት።

«ወላሂ፣ በኛ አፎቻ ይሄ አይደረግም» አለቻት። አፎቻ የሐረሪዎች ዕድር ነው። «ሁሉም ሳይናገር ጉዳይ አይዘጋም። ዝም ያለችውን እኛው እንጠይቃታለን።»

ሥርጉት ይህችን ይዛ አባን ዓመቱን ሙሉ ነዘነዘቻቸው። በክርስትናም በለቅሶም አገኘቻቸው። በመጨረሻ እጅ ሰጡ።

«እሺ፣ ዘንድሮ ስም ከመነበቡ በፊት ሁሉም ይናገር» አሉ፤ ቶሎ የሚያልቅ መስሏቸው።

ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ የተናገርን ሁላችንም «ሁሉ መልካም ነው» አልን። ከዚያ ከሐረር ወጣ ካለችው ከሶፊ የሚመጡ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተነሥተው በኦሮምኛ ተናገሩ። ሥርጉት አስተረጎመች።

«ስብከቱ በአማርኛ ስለሆነ አይገባንም። የምንመጣው እኛ ባይገባንም እግዚአብሔር የኛን ይሰማል ብለን ነው።»

ስንት ዘመን አብረውን ሲቆርቡ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። አፈርን። አባ ሚልኪያስ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ፤ ስሞቹ ያሉበትንም ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ልጆቼ፣ እናንተው ምረጡ» አሉ።

እጅ እያወጣን መረጥን። ሥርጉትም፣ የሶፊዋ እናትም ገቡ። ጋሽ እንደሻውም ተመረጡ፤ ለሳቸው መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ሥርጉት ናት። እልልታችን እስከ ከተማው ግንብ፣ ኤረር በር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል።

የአዲሱ ምክር ቤት የመጀመሪያ ስብሰባ ስለ ኦሮምኛው ስብከት ነበር። የሶፊዋ እናት ብዙ ተናገሩ፤ ሥርጉት እያስተረጎመችላቸው የራሷን ሳትናገር ቀረች። ስብሰባው ሲያልቅ አባ ለመዝጊያው ጸሎት ተነሡ። ጋሽ እንደሻው እጃቸውን አወጡ።

«አባ፣ ትንሽ ይታገሡን» አሉ። «ሥርጉት ገና አልተናገረችም።»