የሳፓቲስ ጦር በሰው ወረዳ

ሳፓቲስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በኡናማኪ ወረዳ ለምትገኘው ለእስካሶኒ መንደር ሰዎች የዓሣ ጦር ሲጠርብ ኖረ፤ እሱ ግን እዚህ አንድም ቀን በረዶ ሰንጥቆ ዓሣ ወግቶ አያውቅም። መንግሥት ከትውልድ ወረዳው ከኤስኪከዋኪክ ነቅሎ ወደዚህ ወደ ኡናማኪ ሲያመጣው ጎልማሳ ነበር። እኛ የካናዳ ነባር ሕዝብ ሚክማቆች ዘንድ ለእንግዳ የማጥመጃ ቦታ የሚሰጠው የወረዳው አለቃ ነው፤ ቦታ የተቀበለም የትውልድ ወረዳውን ቦታ ለዘለዓለም ይለቃል። ለሳፓቲስ የሰጠው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። ገሚሱ ሰው ኩራተኛ ነው አለው፤ ገሚሱ ውኃ ይፈራል እያለ ሳቀበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በሳፓቲስ አፍ ግን ራሱ የወጋው ዓሣም አልገባም።

በዚያ ጥር ሚስቱ ኬትሊን ታማ ተኛች። ጎረቤት ያመጣላትን ሾርባ ሁሉ መለሰች።

«እባብ የሚመስለውን ዓሣ፣ አንተ ራስህ ወግተህ አምጣልኝ» አለችው። «ወንዛችን ላይ እንደነበረው።»

ሳፓቲስ አወጣ አወረደ። እዚህ ቦታ ከጠየቀ የአባቱን ወንዝ መተዉ ነው። ካልጠየቀ ሚስቱ አምሮቷ ሳይወጣላት ልትሞትበት ነው። ጦሩን አንስቶ አለቃው ፕላንሱዌ ቤት ሄደ።

«ቦታ ስጠኝ» አለ፣ ደጅ እንደቆመ።

ፕላንሱዌ ክው አለ። «ውይ ጋሼ ሳፓቲስ! እኛ እኮ ንቀውን ነው ብለን ነበር!»

«ሳትሰጡኝ ልወጋ? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩህ እንዴ?»

ፕላንሱዌ አንገቱን ደፋ። «አለቃ ሳለ አባቴ መስጠት ነበረበት። እሱ ሲሞት ደግሞ እኔ። ጥፋቱ የኛ ነው።»

ክንዱን ይዞት በረዶው ላይ ወጡ። አለቃው የጥድ ቅርንጫፍ ተከለና «ከዚህች እስከዚያ ቋጥኝ የእርስዎ ነው» አለው። ሳፓቲስ በረዶውን ሰንጥቆ ሦስቴ ሳተ፤ በአራተኛው ያዘ።

ቀቅሎ አቀረበላት። ኬትሊን አንድ ማንኪያ ቀመሰች።

«ከየት ያዝከው?»

«ከቦታዬ።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። የሚክማቅ ልጅ ናትና ነገሩ ገብቷታል።

«እንግዲህ አንመለስም ማለት ነው።»

«አንመለስም።»

ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ኬትሊን ማንኪያውን አነሳችና ሳህኑን አሟጣ በላች።

«እንግዲያው እዚሁ ቅበረኝ» አለችው። «ቅርንጫፏ ከምትታይበት ዳገት ላይ። ስትወጋ እንዳይህ።»